ከተበላሸ ምት ቀጥሎ የሚመጣው ምት

የጎልፍ አንድ ሙሉ ዙር አሥራ ስምንት ጉድጓዶችን በተራ ማዳረስ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ የተዋጣለት ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የተመደበው የምት ብዛት ፓር ይባላል። በብዙ ሜዳዎች የአሥራ ስምንቱ ድምር 72 ነው፤ ይሁንና ጎልፍን ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ በዕረፍት ቀኑ የሚጫወት አማተር ከዚህ በ20 ምት ቢያልፍ ማንም አይገረምበትም። ይኸው ሰው ፊቱን አጥቁሮ ወደ አሠልጣኝ የሚመጣው የለመደው 92 ወደ 110 ያሻቀበ ዕለት ነው፤ የሚያቀርበው አቤቱታም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንድ ነው፦ የዱላ አያያዙና አወዛወዙ በአንድ ቀን ጠፍቶበታል። ካርዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። አብዛኛው ዙር እንደ ወትሮው ሆኖ ሳለ፣ ትርፉ ምት በሦስትና በአራት ጉድጓዶች ላይ ተከምሮ ይገኛል፤ በእነዚያም ላይ ጉዳቱን ያደረሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው መጥፎ ምት ሳይሆን እሱን ለማካካስ የተመታው ቀጣዩ ነው።

የዚህ አካሄድ ግልጽ ምሳሌ ስላይስ የሚባለው፣ በቀኝ እጅ ተጫዋች ላይ ኳሷ አየር ላይ ሆና ወደ ቀኝ የምትታጠፍበት ምት ነው። መንስኤው የዱላው ፊት ዱላው ከሚጓዝበት መስመር አንጻር ወደ ቀኝ እንደተከፈተ ኳሷን ማግኘቱ ሲሆን፣ ኳሷም በዚህ የተነሳ አጋድላ እየተሽከረከረች ትሄዳለች። በስተቀኝ የሜዳው ወሰን ካለና ኳሷ ካለፈችው፣ ሕጉ አንድ የቅጣት ምት ጨምሮ ተጫዋቹን ወደተነሳበት ስለሚመልሰው፣ ከመነሻው የሚመታው ሁለተኛ ኳስ ሦስተኛ ምት ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ አሠልጣኝ ኳሷን መከተሉን ትቶ ሰውየውን ቢመለከት ይሻለዋል። ጣቶቹ ዱላውን አንቀው የመገጣጠሚያ አጥንቶቹ ነጣ ይላሉ፤ ሁለት ጊዜ በባዶ ማወዛወዝ የለመደው ሰው አንዱን ይዘለዋል፤ ቀኙን ስለፈራም እግሩንና ትከሻውን ወደ ግራ ያዞራል። ወደ ግራ መዞሩ ዱላውን ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲያቋርጥ ሲያደርገው፣ የዱላው ፊት ግን ዐይኑ ወዳረፈበት ወደ ፌርዌይ፣ ማለትም ሣሩ አጥሮ ወደተከረከመው መሄጃ፣ እንደዞረ ስለሚቀር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ኳሷም ከፊተኛው ይበልጥ ትታጠፋለች። ይህችም ወሰኑን ካለፈች አምስተኛውን ምት ገና ከመነሻው ሊመታ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ጥገናው ይጀመራል፤ የከፋውን ዙር የከፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከጀርባ ተነስቶ ኳሷን እስኪነካ ድረስ ከሁለት ሰከንድ በታች በሚፈጀው እንቅስቃሴ ውስጥ ተጫዋቹ ክርኑን፣ ወገቡንና የእጅ አንጓውን በአንድነት ሊያርም ይሞክራል፤ አብረውት የሚጫወቱትም፣ ከቅን ልቦና መሆኑ ባይካድም፣ ራሱን ቀና እንዳያደርግ ይመክሩታል። ይህ ምክር ከሜዳ ሜዳ ሳይሰለች የሚዞር፣ የችግሩ መነሻ ሆኖ ግን እምብዛም የማይገኝ ነው።

የጨዋታው አስተዳደር ለእንዲህ ያለው ቀን ከተጫዋቹ ይልቅ ርኅሩኅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የችሎታ መለኪያ የሆነው ሃንዲካፕ፣ እኩል ያልሆኑ ተጫዋቾች ተመጣጥነው እንዲወዳደሩ ለደካማው የሚፈቀድለት የምት ብዛት ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት መሠረት ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች መካከል በተሻሉት 8 አማካይ ይሰላል። ቀሪዎቹ 12 ለስሌቱ አይገቡም፤ ስለዚህ ሃንዲካፑን የዘወትር ውጤቱ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ለብስጭት ተዘጋጅቷል። ከዚህም በላይ የአንድ ጉድጓድ ውጤት ለሃንዲካፕ ሲመዘገብ ጣሪያ አለው፦ ፓሩ፣ ሁለት ተጨማሪ ምትና በጉድጓዱ ላይ የሚፈቀድለት ምት። ፓሩ 4 በሆነና አንድ ምት በሚፈቀድለት ጉድጓድ 11 ጊዜ የመታ ተጫዋች የሚመዘገብለት 7 ብቻ ነው።

በውድድርም ቢሆን መውጫ በር የተከፈተው በእንግሊዛዊው ሐኪም በፍራንክ ስቴብልፎርድ አማካይነት ነው። በ1932 በዎላሲ ክለብ የተጀመረው የእርሱ ሥርዓት ምትን ከመደመር ይልቅ ነጥብ ይሰጣል፤ ሃንዲካፑ ታስቦ ፓር ላይ ለጨረሰ 2፣ በአንድ ላለፈ 1፣ ከዚያ ለባሰ ዜሮ ስለሆነ፣ ጉድጓዱ የተበላሸበት ሰው ኳሷን አንስቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ይችላል። ምት በሚደመርበት ውድድር ግን ኳሷን ጉድጓድ ሳያስገቡ ማንሳት ከውድድሩ ያስወጣል። ዕድሜ ልኩን አማተር ሆኖ የተወዳደረው አሜሪካዊው ቦቢ ጆንስ በ1921 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ በተካሄደው፣ ኦፕን በሚባለው ሻምፒዮና፣ በ19 ዓመቱ፣ የደረሰበት ይኸው ነበር፦ በሦስተኛው ዙር የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች በ46 ምት ጨርሶ፣ በአሥራ አንደኛው ላይ ሂል ወደሚባለው ባንከር፣ ማለትም በአሸዋ ወደተሞላው ጎድጓዳ መሰናክል፣ ሲገባ ዙሩን ተወው። በ1927 በዚያው ሜዳ ኦፕኑን፣ በ1930 ደግሞ የብሪታንያን የአማተሮች ሻምፒዮና ማሸነፉ ይታወቃል፤ ይህ ግን 110 መትቶ ለሚመለስ የቢሮ ሠራተኛ ማጽናኛ ተደርጎ መነገሩ ተገቢ አይመስልም፤ የጆንስ መጥፎ ቀንና የእርሱ መጥፎ ቀን የሚገናኙት በአሸዋው ብቻ ነውና።

ለእንዲህ ያለው ተጫዋች የሚጠቅመው ከዛፍ ሥር ወይም ከአሸዋ ኳሷን ወደ ጎን፣ ካስፈለገም ወደ ኋላ አውጥቶ አንድ ምት ብቻ መክሰርን መለማመድ ነው። በዛፎች መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ወደ ግሪኑ፣ ማለትም ጉድጓዱ ወዳለበት ለስላሳ ሣር፣ ለመላክ መሞከር ብዙ ጊዜ ሦስት ምት ያስከፍላል። ሆኖም የትምህርት ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው በድራይቨር፣ ኳሷን ሩቅ በሚልከው ረጅሙ ዱላ ነው፤ ተማሪው የሚከፍለው ኳሷን አርቆ ለመላክ ስለሆነ፣ አሠልጣኙም ወደ ጎን ማውጣትን ሙሉ ሰዓት አስተምሮ ክፍያ ለመጠየቅ ያፍራል።