37ኛው ወረዳ ወደ ደቡብ ሲሄድ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2021 ምሽት የዋሽንግተን ስቴትን የምርጫ ወረዳዎች የሚከልለው ኮሚሽን ስብሰባ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ነበር፤ የሚታይ ነገር ግን እምብዛም አልነበረም። ኮሚሽነሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ከካሜራ ውጭ ሲደራደሩ ተመልካቹ ባዶ ስክሪን ሲጠብቅ አመሸ። ቀነ ገደቡ የሚያበቃው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ድምፅ ሰጡ፤ ያጸደቁት ካርታ ግን ገና ተሥሎ አላለቀም። ጉዳዩ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ወር ሳይሞላ ካርታው እንዲጸና ፈቀደ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስቴቱ 49 ወረዳዎች አሉት። እያንዳንዱ ወደ ስቴቱ ዋና ከተማ ኦሎምፒያ አንድ ሴናተርና ሁለት እንደራሴዎች ይልካል። በ2020 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ለአንድ ወረዳ የሚደርሰው ሕዝብ 157 ሺህ ያህል ነው። ስለ 37ኛው መጻፍ የመረጥኩት ሬኒየር አቬኑን የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ብዙ ስለሆነ ነው፤ በሲያትል የኢትዮጵያ ኮሙኒቲ ማዕከልም ያለው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ወረዳው ከዋሽንግተን ሐይቅ በስተ ምዕራብ፣ ከሴንትራል ዲስትሪክት ተነሥቶ በሬኒየር ሸለቆ በኩል እስከ ስካይዌይና ሬንተን ይወርዳል። ሸለቆውን ከተማ ያደረገው በ1890ዎቹ መጀመሪያ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ኮሎምቢያ ሲቲ በ1893 ራሷን የቻለች ከተማ ሆና ቆይታ በ1907 ወደ ሲያትል ተጠቃለለች። የሸለቆው ሰሜናዊ ጫፍ ጣሊያኖች የሰፈሩበት ነበር።

ሴንትራል ዲስትሪክት ግን የራሱ ታሪክ አለው። በብዙ የሲያትል ሰፈሮች የቤት ውል ላይ፣ ቤቱ ነጭ ላልሆነ ሰው እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። ባንኮችም ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር በአደገኛነት መድበው ብድር ይነፍጉ ነበር። እናም ጥቁሩ ሲያትላዊ በዚያች ጠባብ ሥፍራ ታጎረ። አንድ ላይ የታጎረ ሕዝብ ግን አንድ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ ሊያገልለው የተሰመረው መስመር ወንበር አስገኘለት። በ1950 ቻርልስ ስቶክስ በ37ኛው ተመርጦ ኦሎምፒያ ገባ፤ የዛሬው አንባቢ ይገረም ይሆናል እንጂ ሰውየው ሪፐብሊካን ነበር። በ1958 ሳም ስሚዝ ተተካ። በ1970 ፔጊ ማክሲ በምርጫ የስቴቱ ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት ጆርጅ ፍሌሚንግ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ የእግር ኳስ ተጫዋች (የአሜሪካኑን ኳስ ማለቴ ነው)፣ የስቴቱ የመጀመሪያ ጥቁር ሴናተር ሆነ።

እነዚህ ሰዎች በተሰጣቸው ወንበር የታገሉት ሕዝባቸውን የወሰነውን ያንኑ አጥር ነበር። በ1964 የሲያትል መራጮች ቤት ያለ ዘር አድልዎ እንዲሸጥና እንዲከራይ የቀረበውን ደንብ ከሁለት ለአንድ በሚበልጥ ድምፅ ጣሉት። ሳም ስሚዝ በ1967 የከተማው ምክር ቤት የመጀመሪያው ጥቁር አባል ሆኖ ተመረጠና ደንቡን መልሶ አቀረበ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በ15ኛው ቀን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1968፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ለሁለቱም ወገን ተከፈተ። አቅም ያለው ጥቁር ቤተሰብ ወደ ሌላ ሰፈር ወጣ፤ ቆይቶ ደግሞ ኪራዩና የንብረት ግብሩ ሌላውን ገፋው። በ1970 ከሴንትራል ዲስትሪክት ነዋሪ ከ70 በመቶ በላይ ጥቁር ነበር፤ ዛሬ ከ20 በመቶ በታች ነው። በሸለቆው ቬትናማውያን፣ ፊሊፒኖዎች፣ ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ሰፈሩ። ቀላል ባቡሩ በ2009 በማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ መሮጥ ከጀመረ ወዲህ ኪራዩ በዚያም በኩል ወጣ፤ እኔን የሚከነክነኝ የባቡሩ መምጣት ሳይሆን በሐዲዱ ዳር ለነበረው ተከራይ መጠለያው ቀድሞ አለመታሰቡ ነው። ተገፊው ወደ ስካይዌይ፣ ወደ ሬንተን፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኬንት ሄደ። በየአሥር ዓመቱ ካርታው ሲከለስ የ37ኛው ወሰን ተከትሎ ወርዶ ሬንተንን ነካ፤ ኬንት ድረስ የሄደውን ግን አልደረሰበትም።

መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው የሚለውም ረጅም ጠብ ነው። ከ1970 ቆጠራ በኋላ ምክር ቤቱ መስማማት ስላቃተው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1972 ሥራውን ለዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ምሁር ለሪቻርድ ሞሪል ሰጠ። የስቴቱን ወረዳዎች በሙሉ አንድ ሰው ከለላቸው። በ1983 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ነው የዛሬው ኮሚሽን የመጣው፤ አራቱን አባላት የሁለቱ ፓርቲዎች የምክር ቤት መሪዎች ይሰይማሉ፣ ሰብሳቢው ድምፅ የለውም።

ኮሚሽኑ ሲከልል የሚቆጥረው ነዋሪን እንጂ መራጭን አይደለም። ግሪን ካርድ ይዞ በሬኒየር አቬኑ ታክሲ የሚነዳው ሰው ድምፅ መስጠት አይችልም፤ ከ157 ሺህ አንዱ ሆኖ ግን ይቆጠራል። ገና የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠው ልጁም እንደዚያው። ስለዚህ ስደተኛ በሚበዛበት በ37ኛው አንድ ሴናተር የሚመርጠው ሰው፣ ነዋሪው ሁሉ ለማለት ይቻላል ዜጋ ከሆነባቸው ወረዳዎች መራጭ በቁጥር ያንሳል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደትም በዚያው ልክ ይጨምራል። የሚቀጥለው ቆጠራ በ2030 ነው፤ ኮሚሽኑም በ2031 እንደገና ይሰየማል።