ከእጥበት እስከ እጥበት

የኩላሊት እጥበት ሥራቸውን ያቆሙ ኩላሊቶችን ተክቶ ከደም ውስጥ ቆሻሻንና ትርፍ ውሃን በማሽን የሚያወጣ ሕክምና ነው። በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ4 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ሳምንቱ 168 ሰዓት ሲሆን ማሽኑ የሚሠራው 12ቱን ብቻ ነው፤ ጤነኛ ኩላሊት ግን ቀንም ሌሊትም አያርፍም። የቀረው 156 ሰዓት በታማሚው እጅ ነው፤ የሚጠጣው፣ የሚበላው፣ የሚውጠው መድኃኒትና የሚያደርገው ጥንቃቄ ይወስነዋል። በኢትዮጵያ ወጪው ከአቅም በላይ ስለሚሆን በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ የሚታጠቡ ብዙዎች ናቸው። በሁለት እጥበት መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጥንቃቄውም ይጠብቃል፤ አደጋውም ይጨምራል።

ትልቁ ትግል ከውሃ ጋር ነው። ሽንት ሲቀንስ ወይም ሲቆም የተጠጣው ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ክብደት ነው። ሐኪሞች ለእያንዳንዱ ታማሚ ትርፍ ውሃ የሌለበትን ክብደት ወስነው ይህን «ደረቅ ክብደት» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ነው በማሽን የሚወጣው። ጭማሪው ሲበዛ እግር ያብጣል፣ የደም ግፊት ይወጣል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥርና ትንፋሽ ያጥራል። ያን ሁሉ ውሃ በ4 ሰዓት ለማውጣት ሲሞከር ደግሞ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ታማሚው ዝሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሽንቱ ለቆመ ሰው የሚፈቀደው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ1 ሊትር አይበልጥም። ሻዩም፣ ቡናውም፣ ሾርባውም፣ መድኃኒት ማዋጫውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

ይሁንና ጥምን ችሎ መኖር ለማንም አይቻልም፤ ጥሙን የሚያመጣው ደግሞ በአብዛኛው ጨው ነው። ስለዚህ «ውሃ ቀንስ» ከሚለው ምክር ይልቅ «ጨው ቀንስ» የሚለው ይበልጥ ይጠቅማል። በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ሲዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ጨው ስለሚገባባቸው፣ ወጥ ውስጥ የሚጨመረው ሁለተኛ ጨው መሆኑ ይረሳል። ለታማሚው ያለ ጨው የተፈጨ በርበሬ ለብቻ ማስቀመጥ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ፖታሲየም ከውሃ ይልቅ ድምፁን አጥፍቶ የሚመጣ አደጋ ነው። በደም ውስጥ ሲበዛ ብዙም ምልክት ሳያሳይ የልብን ምት ሊያዛባ፣ ብሎም ሊያቆም ይችላል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቴምር ፖታሲየም የሚበዛባቸው ናቸው። ድንችን ልጦና ከትፎ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መጠኑን በደንብ ይቀንሰዋል።

የጾም ወራት ለብቻቸው መታሰብ አለባቸው። እጥበት የጀመረ ሰው፣ ከእጥበት በፊት ይነገረው ከነበረው በተቃራኒ፣ ፕሮቲን በደንብ መመገብ አለበት፤ ማሽኑ ከቆሻሻው ጋር የተወሰነውን ይዞ ይወጣልና። በጾም የፕሮቲን ምንጭ የሚሆኑት ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ደግሞ ፖታሲየምና ፎስፈረስ አላቸው። መጠኑን ከሐኪም ጋር መወሰን፣ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይገባል፤ ለሕሙማን ቤተ ክርስቲያንም እስልምናም ፈቃድ ይሰጣሉ። ጸበልም እንዲሁ ነው። በብዙ ጸበል ቦታ ሊትር በሊትር መጠጣት የተለመደ ነው፤ ለእጥበት ታማሚ ግን ይህ እንደማንኛውም ውሃ ሳንባ ላይ ይወጣል። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ካቴተር (የእጥበት ቱቦ) ያለው ሰው ቦታውን ካራሰ ደግሞ ለደም ኢንፌክሽን ይጋለጣል። በአንድ ጉንጭ መወሰን እምነትንም ጤናንም አይነካም።

ክንዱ ላይ ፊስቱላ (ለእጥበት ሲባል በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ሥር) የተሠራለት ሰው በዚያ እጁ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ከባድ ነገር አይሸከምም፤ ንዝረቱ መኖሩንም በየቀኑ በጣቱ ዳስሶ ያረጋግጣል። ካቴተር ያለው ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

ይህን ሁሉ አብዛኛው ታማሚ ያውቀዋል። እያወቀ የሚተወው ለምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ግዴለሽነት» ነው፤ ይህ ግን ሰነፍ መልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ሃሪ አብራም ከባልደረቦቹ ጋር በእጥበት ታማሚዎች ላይ ያደረገው ጥናት፣ ራሳቸውን ካጠፉት ይልቅ የሕክምናውን ሥርዓት ባለመከተል የሞቱት በብዙ እጥፍ እንደሚበልጡ አሳይቷል። ሥርዓቱን የጣሰ ሁሉ ሞትን ፈልጎ ነው ማለት አይደለም። ጥናቱ ግን ጥንቃቄ ሲጎድል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የታማሚው ስሜት መሆኑን ያመለክታል።

ድባቴ በእጥበት ታማሚዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና የበርካታ አገሮችን ጥናቶች ያሰባሰበ ትንተና፣ በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ሲለካ ከ4 ታማሚዎች 1 ያህሉ፣ በመጠይቅ ቅጽ ሲለካ ደግሞ ከ10ሩ 4 ያህሉ ምልክቱ እንዳለባቸው አሳይቷል። ልዩነቱ አያስገርምም። ቅጹ የሚጠይቀው ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከኩላሊት ሕመሙ ራሱም ይመጣሉ። ስለዚህ በድካሙ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የሚለየው ሌላ ነው፦ ቀድሞ ደስ ይለው የነበረ ነገር ደስ አይለውም፣ ራሱን ዋጋ ቢስ አድርጎ ያያል፣ ነገን ተስፋ አያደርግም፣ ሰው ሲመጣ ፊቱን ያዞራል። ይህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሕክምና ያስፈልገዋል።

መነሻው አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚቀድመው ገንዘብ ነው። ቤተሰቡን ያስተዳድር የነበረ ሰው ሥራውን አጥቶ፣ ንብረቱን ሽጦ፣ በመጨረሻም ለእጥበት ክፍያ እጁን ለልመና ሲዘረጋ የሚሰማው ሐፍረት ከበሽታው አይተናነስም። ለቤተሰቡ ሸክም የሆነ ይመስለዋል። ማሳከኩና የእግር መቁነጥነጡ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ በወሲብ ሕይወቱ የሚደርሰውን ችግር አፍሮ ለማንም አይናገርም። አብሮት ሲታጠብ የነበረ ሰው ሲሞት ቀጣዩ ተራ የእሱ ይመስለዋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ሆኖም እህትን ወይም ወንድምን «ኩላሊትህን ስጠኝ» ብሎ መጠየቅ ራሱን የቻለ ጭንቀት አለው።

ድባቴ በእጥበት ላይ ባለ ሰውም ይታከማል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ 120 የእጥበት ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት በባለሙያ የሚሰጥን የንግግር ሕክምና ሰርትራሊን ከተባለው መድኃኒት ጋር አነጻጽሯል፤ በሁለቱም የታከሙት ተሽሏቸዋል፤ መድኃኒቱ በጥቂቱ ቢበልጥም የጎንዮሽ ጉዳቱ በዝቷል። የንግግር ሕክምናው ታማሚው ማሽን ላይ ሳለ መሰጠቱ ተጨማሪ ቀጠሮና የትራንስፖርት ወጪ ያስቀራል። ያ 4 ሰዓት በየእጥበት ማዕከሉ በዝምታ የሚባክን ጊዜ ነው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለው ሆስፒታል ሁሉ ሊጠቀምበት ይገባል። እጥበት በሌለበት ቀን በእግር መንቀሳቀስ፣ የሚቻል ሥራ መሥራት፣ ከእድርና ከማኅበር አለመቅረትም ያግዛሉ። ለእንቅልፍም ሆነ ለጭንቀት መድኃኒትን በራስ ገዝቶ መዋጥ ግን አደገኛ ነው፤ በኩላሊት የሚወጡ መድኃኒቶች መጠናቸው ይስተካከላልና።

የቤተሰብ ድርሻ ከመቆጣጠር ይልቅ መጠየቅ ነው። «ለምን ጠጣህ?» የሚል ቁጣ ታማሚውን ተደብቆ እንዲጠጣ ያደርገዋል፤ «ሰሞኑን ምን ከበደህ?» የሚል ጥያቄ ግን ያናግረዋል። አስታማሚዎችም ይዝላሉ፤ ተራ መግባት ለሁሉም ያስፈልጋል። ታማሚው «ከእንግዲህ አልታጠብም» ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን እንደ ምሬት ብቻ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም። ኩላሊቱ ጨርሶ ያቆመ ሰው እጥበት ከተወ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም። ይህን ቃል የሰማ ሁሉ በዚያው ቀን ታማሚውን ለሚከታተለው ሐኪም ወይም ነርስ ይንገር።