ራዲዮ፣ ሲኒማና ቴሌቪዥን በትምህርት ክፍል ውስጥ



የዛሬው ንግግራችን ራዲዮ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ቴሌቪዥን በትምህርት ክፍል ውስጥ ለአስተማሪው ምን ዓይነት ረዳት ሊሆኑ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ነው። ይህ ጉዳይ የአስተማሪዎች ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል አንዱ የግዥ ሰነድ ይፈርማል፤ ሌላው በጀት ይደለድላል፤ ብዙዎቻችሁም ማታ ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ የልጆቻችሁን ደብተር ትመለከታላችሁ። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ሊሠራ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማወቅ እናንተንም የሚመለከት ነው።

ነገሩን ከራጉኤል ሰፈር እንጀምረው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አልፎ ወደ መርካቶ የጨርቅ ሱቆች የሚገባ ሰው የነጋዴውን አሠራር ልብ ብሎ ይመልከት። ጥሩ ነጋዴ ጣቃውን ይዘረጋል፤ ገዢው በእጁ እንዲዳስሰው ይተወዋል፤ ወደ ብርሃን አውጥቶ ያሳየዋል፤ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ የገዢውን ፊት አይቶም ሌላ ጣቃ ያወርዳል። ጥሩ አስተማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ራዲዮና ቴሌቪዥን ግን ጣቃውን ከማንም ይልቅ አሳምረው ይዘረጋሉ እንጂ የገዢውን ፊት ማየት አይችሉም። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ከዚህ ከአንዱ ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሲኒማ እንናገር። ለመርካቶ ሕዝብ ሲኒማ ራስ ለብዙ ዓመታት ፊልም ሲያሳይ የኖረ አዳራሽ ስለ ሆነ ነገሩ ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። ሲኒማ ለአዲስ አበባ አዲስ በነበረበት ዘመን ግን ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። በእነዚያ ሰዎች መሳቅ አይገባም። አስረጅ የሌለው ሥዕል ተመልካቹን ወደ ገዛ ራሱ ትርጓሜ እንደሚወስደው ያሳዩናል፤ ይህም በዛሬው ተማሪ ላይ ሳይቀር የሚደርስ ነገር ነው።

ለምሳሌ የባቄላን አበቃቀል የሚያሳይ ፊልም እንውሰድ። ፊልሙን የሚያነሣው ሰው መሣሪያውን ከዘሩ ፊት ተክሎ በየሰዓቱ አንድ ሥዕል ብቻ ያነሣል። በ10 ቀን ውስጥ 240 ሥዕል ይሰበሰባል። ሲኒማ በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል የሚያሳልፍ ስለ ሆነ የ10 ቀኑ ዕድገት በ10 ሴኮንድ ያልቃል። ሥሩ ወደ ታች ሲወርድ፣ ቡቃያው አፈሩን ገፍቶ ሲወጣ ልጁ በዓይኑ ያያል፤ ይህንንም ማንም አስተማሪ በጠመኔና በሰሌዳ ሊያሳየው አይችልም። የልብን አመታት፣ የኤርታ አሌን የቀለጠ ድንጋይ፣ በዓይን የማይታዩትን ረቂቅ ሕዋሳት ወደ ክፍል የሚያመጣው እንዲህ ያለው ጥበብ ነው። ነገር ግን ጊዜው እንደ ታጠፈ ያልተነገረው ልጅ ባቄላ በ10 ሴኮንድ ይበቅላል ብሎ ቢያምን ጥፋቱ የልጁ አይደለም። አዋቂ አስተማሪ ፊልሙን ከማሳየቱ አስቀድሞ ልጆቹ ባቄላ በጣሳ እንዲዘሩ ያደርጋል፤ በየቀኑም ለክተው ይጽፋሉ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ይሆናል።

ራዲዮ ከሁሉ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ለቋንቋ፣ ለታሪክና ለዜማ ትምህርትም የተመቸ ነው። የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. በ1924 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ማሰራጨት እንደ ጀመረ ስንመለከት አሳቡ የቆየ መሆኑን እንረዳለን። ጠላቱ ጫጫታ ነው። በራጉኤል አካባቢ የሚገኝ የትምህርት ክፍል የቤተ ክርስቲያኑን ደወል፣ የአንዋር መስጊድን አዛን፣ የተሸካሚውን «ገለል በሉ» እና የመኪናውን ጥሩምባ በአንድነት ይሰማል። እንዲህ ባለ ስፍራ ከአስተማሪው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ራዲዮ ከመጀመሪያው ወንበር አልፋ አትሰማም። ኋላ የተቀመጠው ልጅ ትምህርቱን ያጣው በስንፍና ሳይሆን በመቀመጫው ምክንያት ነው። ድምፅ ማጉያ ከክፍሉ መካከል ከፍ አድርጎ መስቀልና በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት መዝጋት ከአዲስ መሣሪያ ግዥ ይልቅ ይጠቅማል፤ ወጪውም ጥቂት ነው።

ራዲዮ የገዢውን ፊት አያይም ብለናል። ይህንን ጉድለት በብልሃት ያቃለሉ ሰዎች ግን አሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በኒካራጓ ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብ በራዲዮ ሲሰጥ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆነው አንድ ዘዴ አወጡ። ራዲዮው ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ይላል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይነገራል። የዝምታው ርዝመት በግምት የተወሰነ አልነበረም፤ አዘጋጆቹ ከልጆቹ ጋር በክፍል ተቀምጠው አድምጠው ያረሙት ነው። ስርጭቱ ሲያበቃም አስተማሪው በመምሪያው መሠረት ልምምዱን ይቀጥላል። በፈተና ሲመዘኑ በራዲዮ የተማሩት ያለ ራዲዮ ከተማሩት በልጠው ተገኙ።

አሁን ወደ አገራችን ቴሌቪዥን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚሆን የትምህርት ዝግጅት ማሰራጨት ተጀመረ። ከሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሕዝቡ «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው ነው። በደቡብ አፍሪቃ የተዘጋጁት የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂና የሌላም ትምህርት ፊልሞች በሳተላይት አማካይነት በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፉ ነበር። የአሳቡን ደግነት መካድ አይገባም። ቤተ ሙከራ የሌለው የገጠር ተማሪና የአዲስ ከተማ ተማሪ አንዱን ሙከራ በአንድ ቀን አዩ፤ ይህ ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም።

ችግሩ የመጣው ከሰዓት አከፋፈሉ ነው። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉን መስኮቱ ሲወስድ ለአስተማሪው ለመግቢያና ለመዝጊያ የምትሆን 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ትቀረው ነበር። በመስኮቱ ላይ የሚታየው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገራል፤ ይጠይቃል፤ ልጁ ጥያቄውን ገና በአእምሮው ሲተረጉም መልሱ ተነግሮ ያልፋል። ዘዴው የኒካራጓውን ይመስላል፤ ነገር ግን ዝምታው የኢትዮጵያን ተማሪ አእምሮ ተከትሎ የተለካ አልነበረም። ያልገባውም ልጅ እጁን ቢያወጣ ስርጭቱ አይቆምለትም። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ትምህርቱ አመለጠ፤ ነገ የሚመጣው የነገው ነው። ብዙ አስተማሪዎች የመሣሪያ ከፋችና ዘጊ ሆነን ቀረን እያሉ ማዘናቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለእኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሥራ ትልቁ ጉዳት ከገንዘቡ ይልቅ ይኸው የአስተማሪው ልብ መሰበር ነው፤ ልጁ የሚያከብረው አስተማሪ በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆኖ ሲቆም አይቶታልና።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱ በራዲዮና በቴሌቪዥን ወደየቤቱ ገባ። ያን ጊዜ አስተማሪው ከነጭራሹ ከአጠገብ ታጣ፤ ጠያቂው ልጅም መልስ የሚያገኘው እናት ወይም አባት ወይም ታላቅ ወንድም የሚያውቅለት እንደ ሆነ ብቻ ነበር።

ዛሬ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ትምህርቱ በፍላሽ ተቀድቶ ሊያዝ ስለሚችል አስተማሪው ከፈለገው ስፍራ ያቆመዋል፤ ወደ ኋላ መልሶ ያሳየዋል፤ ድምፁን ዘግቶም ሥዕሉን በራሱ ቃል ይተረጉመዋል። የ30 ደቂቃውን ዝግጅት በሙሉ ማሳየትም ግዴታ አይደለም። ከመካከሉ አራት ደቂቃ መርጦ ሁለት ጊዜ ማሳየት ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ለማየት፣ ሁለተኛው ከተጠየቀው ጥያቄ ጋር ለማመሳከር ነው። ይህንን ለማድረግ ግን አስተማሪው ፊልሙን ከክፍል በፊት ማየት ይኖርበታል፤ ለዚህም ጊዜ በሥራ ሰዓቱ ውስጥ ካልተመደበለት ከየትም አያመጣውም።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤታችሁ ለትምህርት ቤት የሚሆን ቴሌቪዥን ወይም ድምፅ ማጉያ ለመግዛት የቀረበ ሰነድ ከጠረጴዛችሁ ላይ ቢደርስ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ አትመልከቱ። ለአስተማሪው የሚታተመው መምሪያ፣ ለመጠገኛ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራው ባትሪ በሰነዱ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን መርምሩ። በወላጆች ስብሰባ ላይ የተገኛችሁም እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ ስንት መሣሪያ እንዳለው ከመጠየቅ ይልቅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አስተማሪው ለተማሪዎቹ ጥያቄ የሚቀረው ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ ጠይቁ።