የቮልስዋገን ዕቃና የዘመኑ ልክ

የአባቱን አሮጌ ቮልስዋገን ወደ ቀድሞ መልኩ ሊመልስ የተነሣ ሰው አስቀድሞ «የሌላ ዘመን ዕቃ ይገጥመዋልን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሳችን «አንዳንዱ ይገጥማል» የሚል ነው። ፓራፋንጎዎቹ በብሎን የታሰሩ ስለ ሆኑ ብዙ ጊዜ ተፈትተው ይለወጣሉ። ኮፈኑ ግን እንዲህ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ፓራውልቱ ከፍ በማለቱ ኮፈኑ አጥሯል፤ ይህ ኮፈን በ1967ቱ ላይ ቢደረግ ከታች ክፍተት ይተዋል። የ1965ቱም የፊት መስተዋት ከቀድሞው ስለሚበልጥ በ1964ቱ ክፈፍ አይገባም። ይህን ቀለም ከቀባ በኋላ የሚረዳ ሰው ገንዘቡም ድካሙም ይባክንበታል። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው በፊት ሞዴሉን እንዲጠይቅ፥ ሳይቀባም ገጥሞ እንዲያይ እንመክራለን። የአባት ቅርስ በልክ እንጂ በግምት አይታደስም።