ያልተዋጠ ኪኒን ሁሉ ጥንቃቄ አይደለም

ነፍሰ ጡር ሴት ከኪኒን በራቀች ቁጥር ጽንሱ ደኅና ይሆናል የሚል እምነት በብዙዎቻችን ቤት አለ። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛዋ የምትመክረው ይህንኑ ነው፤ ምክሩ ከፍቅር የመነጨ በመሆኑም ደፍሮ የሚጠይቀው የለም። በስደት ያሉ እህቶቻችንን በተመለከተ ግን ማስረጃው ሌላ ነገር ይናገራል። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2016 የተመዘገቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እርግዝናዎችን የመረመረ ጥናት በ2019 ታትሟል። ከመፀነሳቸው በፊት ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን መውሰድ የጀመሩት፣ እዚያው ከተወለዱት ሴቶች መካከል 29 በመቶ፣ ከሌላ አገር ከመጡት መካከል 21 በመቶ ነበሩ። ከሁሉ ዝቅ ብለው የተገኙት ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሞሮኮ የሄዱት ናቸው፤ ወደ 10 በመቶ ገደማ። በአጠቃላይ ስደተኞቹ ሴቶች በአገሩ 20 ዓመት ከኖሩ በኋላ እንኳ ተወላጆቹ ላይ አልደረሱም። ይህን ቁጥር እንደ ጥንቃቄ ምልክት ማየት አይቻልም። መረጃው በጊዜው እንዳልደረሳቸው የሚያሳይ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደምል ላስረዳ። የጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚገነቡበት ቱቦ ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን አካባቢ ተዘግቶ ያልቃል። በትክክል ሳይዘጋ ከቀረ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው የአከርካሪ ክፍተት፣ ሲብስም የአንጎልና የራስ ቅል አለመሠራት ይከተላል። በ28ኛው ቀን ደግሞ የሴትየዋ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። አንዳንዷ ማርገዟንም አላወቀችም፤ ከአዋላጅ ነርሷ ጋር የምትገናኘው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚሰጥ ምክር፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል። ይህን ችግር ለመከላከል የኖርዌይ ምክር በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከመፀነስ አንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲወሰድ ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። እንግሊዞች በ1991 ያሳተሙት ትልቅ ሙከራ፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ የወለዱ እናቶች ከፍ ባለ መጠን ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰቱ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በቀን አንድ ትንሽ ኪኒን ይህን ያህል የምትሠራበት ሌላ ቦታ በሕክምና ውስጥ ብዙ አይገኝም።

«እናቶቻችን ያለ አንዳች ኪኒን ሰባት ስምንት ወልደው አሳድገዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ወልደዋል። ነገር ግን የምንቆጥረው ያደጉትን ነው። በወሊድ ጊዜ የሞተው፣ ጀርባው ላይ እብጠት ይዞ ተወልዶ ሳይሰነብት የተቀበረው በቤተሰብ ትውስታ ውስጥ «እግዜር ወሰደው» ተብሎ ያልፋል። በአገራችን በተለያዩ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች የዚህ ዓይነቱ ችግር መጠን ከሌላው ዓለም አንጻር ከፍተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ሌላው ተቃውሞ ደግሞ «ይህ የስደተኞች እንዝህላልነት ነው» የሚለው ነው። እሱም አያስኬድም። እዚያው ተወልደው፣ በቋንቋቸው ተምረው፣ ሐኪማቸውን በስሙ እየጠሩ ካደጉት ሴቶች መካከል ከ10 ሰባቱ በጊዜው አልጀመሩም። ጉድለቱ የሁሉም ነው፤ የእኛዎቹ ላይ ግን ክብደቱ ይበረታል።

እስካሁን የተናገርኩት ስላልተወሰደው ነው። ስለተወሰደውም ዝምታ አለ። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ 9,459 ሴቶችን በኢንተርኔት የጠየቀ ጥናት እንዳሳየው 81.2 በመቶዎቹ በእርግዝናቸው ወቅት ቢያንስ አንድ መድኃኒት ወስደዋል። ስለዚህ «መድኃኒት አትንኪ» የሚለው ምክር የብዙዎቹን ሴቶች እርግዝና አይገልጽም። የኖርዌይ የመድኃኒት ማዘዣ መዝገብ ከ2004 ጀምሮ ከፋርማሲ በማዘዣ የወጣውን ሁሉ ይይዛል፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ የተገዛውን ግን አያውቅም። እዚያ መደርደሪያ ላይ ፓራሴትና ኢቡክስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ለራስ ምታት ናቸው፣ ሁለቱም ያለ ማዘዣ ይገዛሉ። የመጀመሪያው ፓራሲታሞል ስለሆነ ሲያስፈልግ በአነስተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ይፈቀዳል። ሁለተኛው አይቡፕሮፌን ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2020 እንዳስጠነቀቀው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የሽርት ውኃውን ሊያሳንስ ይችላል። ማስጠንቀቂያው ካርቶኑ ውስጥ በታጠፈችው ወረቀት ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ በኖርዌይኛ ተጽፏል። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው ዲክሎፌናክና አሞክሳሲሊንም፣ ተፈልቶ የሚጠጣው ጤና አዳምም መዝገቡ ላይ የሉም። ጤና አዳም ማኅፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይመከርም። አዋላጇ ስለዚህ ሁሉ ካልተነገራት ልትጠይቅም፣ ልትመክርም አትችልም።

በእናትና በባለሙያ መካከል ያለው ክፍተት ምን ሊያስከፍል እንደሚችል ስዊድን ውስጥ ተጠንቷል። ከ1990 እስከ 1996 በወሊድ አካባቢ የሞቱ የ63 የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የሶማሊያ እናቶች ልጆችን ታሪክ በተመሳሳይ ሁኔታ ከሞቱ 126 የስዊድናውያን ልጆች ጋር ያነጻጸረው ጥናት፣ በአፍሪካውያኑ ዘንድ የክትትል ጉድለቶች በዝተው ማግኘቱን ዘግቧል። ከጉድለቶቹ መካከል ዘግይቶ ወደ ሕክምና መምጣትና ቀዶ ሕክምናን አለመቀበል አሉ፤ የጽንሱን ዕድገት በቅጡ አለመከታተል፣ በቂ ያልሆነ መድኃኒት መስጠትና አለመግባባትም አሉ። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላየው ከፊሉ ከእናቶቹ በኩል፣ ከፊሉ ከባለሙያዎቹ በኩል ነው። ጣቱን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚቀስር ሰው ይህን ማስረጃ አላነበበውም ማለት ነው።

መድኃኒትን የሚፈሩ ሰዎች ታሊዶማይድን ያነሣሉ፤ ትክክል ናቸው። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው ይህ መድኃኒት በ1961 መጨረሻ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ 10,000 ገደማ ሕፃናትን እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ አድርጓል። ዛሬም ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘው ቫልፕሮኤት በጽንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ያስከትላል። የታሊዶማይድ ትምህርት ግን ያልተመረመረውን አትመኑ የሚል ነው፤ ኖርዌይ የወሊድ መዝገቧን በ1967 የጀመረችው ከዚያ ጥፋት በመነሣት ነው። የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባት ሴት ማርገዟን ስታውቅ መድኃኒቷን በራሷ ውሳኔ ብታቋርጥ፣ በሽታው ራሱ እሷንም ጽንሱንም ይጎዳል። መለወጥ ያለበት መድኃኒት ይለወጣል፤ የሚለውጠው ግን ሐኪሙ ነው፣ ቢቻል ከመፀነስ በፊት።

በሕክምና ላይ እምነት ማጣቱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የሚባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ውጤት አለመረዳታቸው የሚያሳስብ ከሆነ ሐኪሞች መርፌውን እንዳያድሱ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ እንዲጠቀሙ ማዘዝ ግድ ሆኖበት ነበር። ሳይገባት መርፌ የተወጋች ሴት ቀጥሎ የሚሰጣትን ኪኒን ብትጠራጠር ማን ይወቅሳታል? እምነት የሚመለሰው በማስፈራራት ሳይሆን በሚገባት ቋንቋ በማስረዳት ነው። ኖርዌይ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው የአስተርጓሚ ሕግ የመንግሥት ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ልጆችን በአስተርጓሚነት መጠቀምም ተከልክሏል። ባልም ቢሆን ስለ ማኅፀን ጉዳይ ማስተርጎም አይገባውም።

እህቴ፣ ለመውለድ ካሰብሽ ፎሊክ አሲዱን ዛሬ ጀምሪ፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ፣ ስኳር ያለብሽ ወይም ከዚህ በፊት ችግር ያለበት ልጅ የወለድሽ ከሆነ የበለጠ መጠን ሊያስፈልግሽ ስለሚችል ሐኪምሽን ጠይቂ። ወደ መጀመሪያው ቀጠሮ ስትሄጂ ቤት ያለውን ኪኒን፣ ሽሮፕና ቅጠል ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂና አንድ በአንድ አሳዪ። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። ባሎች፣ እናቶችና አማቶች ደግሞ «ኪኒን አትንኪ» ከማለታችሁ በፊት «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።