ሁለተኛው ምርመራ

ደብረ ታቦር ላይ በውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍላችን ደጃፍ ወረፋ ከሚይዙት ውስጥ ጭራሽ የማያማቸው አሉ። አይስሉም፣ አያቃስቱም፤ ጉልበታቸውም እንዳለ ነው። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከላይ ጋይንት፣ ከፎገራ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት አውጥተው፣ ተበድረው ከፍለው፣ መጨረሻ ላይ በጤና ምርመራው የቀሩ ናቸው። ምን ሆናችሁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ሜዲካል ወደቅሁ።"

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድባቸውን ሰው ከመነሻው ያስመረምራሉ። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሄፓታይተስ ሲ የተገኘበት አይገባም። ሕጉ የእነሱ ነው፤ የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ምርመራው ለቪዛ የተደረገ ስለሆነ ውጤቱም የሚነገረው ለቪዛ በሚበቃው ልክ ነው። "አላለፍሽም፤ ጉበት አለብሽ" ተብላ ወረቀቷን ትቀበላለች። የትኛው ዓይነት እንደሆነ፣ የት እንደደረሰ፣ ምን መደረግ እንዳለበት የሚነግራት የለም።

አንዲት የስማዳ ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። ወረቀቱን ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር፤ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ዶክተር፣ ጉበቴ አልቋል አሉኝ" አለችኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ከጀርባውም ምንም የለም። የተጻፈው "ፀረ ኤች ሲ ቪ፦ ፖዘቲቭ" የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ኤች ሲ ቪ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ማለት ነው። የጉበቷን ሁኔታ የሚናገር አንድ ቃል እንኳ አልነበረውም። እቤት ግን ፍርዱ አልቋል። እናቷ ሳህኗንና ኩባያዋን ለይተውላታል፤ ከታናናሾቿ ጋር ከአንድ መሶብ መብላት ቀርቷል። ታጭታ የነበረችበት ቤትም ወሬውን ሰምቷል። አባቷ ወለል ወለሉን እያዩ "ለሰው ምን ብለን እንንገር?" አሉኝ።

መጀመሪያ የነገርኳቸው ይህንን ነው፦ ሄፓታይተስ ሲ በምግብ፣ በጉርሻ፣ በኩባያ፣ በመተቃቀፍ፣ በማስነጠስ አይተላለፍም። እናት ልጇን ብታጠባ በወተቷ አይተላለፍም። መንገዱ ደም ነው። ኩባያዋን ዛሬውኑ ከሌላው ጋር ቀላቅሉት አልኳቸው።

ሁለተኛው ነገር ስለዚያች አንድ መስመር ነበር። ከጣት የተወሰደ ደም የሚንጠባጠብባት ስትሪፕ ቫይረሱን አትፈልግም። የምትፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ሄፓታይተስ ሲ ከያዛቸው 100 ሰዎች ውስጥ ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ያለ መድኃኒት ቫይረሱን አጥርተው ያወጡታል። አንቲቦዲው ግን ከእነሱ ጋር ለብዙ ዘመን፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ይቆያል። በመድኃኒት የዳነ ሰውም እንደዚሁ ስትሪፑ ላይ ፖዘቲቭ ሆኖ ይኖራል። በዚህ ላይ ቫይረሱ በብዛት በማይገኝበት አካባቢ ስትሪፑ በስሕተት ፖዘቲቭ የሚለውም ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን በሚያየው በሁለተኛው ምርመራ ነው፤ የአር ኤን ኤ ወይም የቫይራል ሎድ ምርመራ የሚባለው።

የእሷ ናሙና ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ቫይረስ አልተገኘባትም። ቪዛውን አልመለሰላትም። ኩባያዋን ግን መለሰላት።

ይህ ሁለተኛ ምርመራ በየወረዳው አለመኖሩ ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ለሳንባ ነቀርሳ ብለን የምንጠቀምበት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የሄፓታይተስ ሲን ቫይረስም መለካት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚሁ አገልግሎት ብቁ ብሎ መዝግቦታል። የሚያስፈልገው ለዚያ የተሠራው ካርትሪጅ ነው። ካርትሪጁ በሌለበት ናሙናው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ይኖርበታል፤ ሰውየው ደግሞ ውጤት ለመስማት ከጋይንት ወይም ከስማዳ ተመልሶ መምጣት አለበት። መንገዱና ሰላሙ ሁልጊዜ አይፈቅዱም። በዚህ መሐል የሚጠፋብን ብዙ ነው።

የጠፋው ሰው በምን መልክ እንደሚመለስ ስለማውቅ ነው ይህን ያህል የምናገረው።

ጉበት በውስጡ ሕመም የሚያሰማ ነርቭ የለውም። ቫይረሱ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይራባል፤ ሕዋሳቱን የሚጎዳው ግን በአብዛኛው የራሳችን መከላከያ ቫይረሱን ለመግደል ሲል የሚከፍተው ጦርነት ነው። ጉበት የሞተበትን እየተካ የመኖር ተፈጥሮ ቢኖረውም፣ ጦርነቱ ለዓመታት ሲቀጥል በአዲስ ሥጋ ፋንታ ጠባሳ እየተካ ይሄዳል። ቫይረሱ ሥር ከሰደደባቸው 100 ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚሆኑት በ20 ዓመት ውስጥ ጉበታቸው በጠባሳ ደንድኖ ሲሮሲስ ላይ ይደርሳሉ። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመጣው ደም በደነደነው ጉበት ማለፍ ሲያቅተው ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ የምግብ ቧንቧ ሥሮች ይወጠሩና አንድ ሌሊት ይፈነዳሉ፤ ሰውየው ደም ያስመልሳል። ጉበት ማጣራት የነበረበት ቆሻሻ ወደ አንጎል ሲደርስ ደግሞ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ይቃዣል። ቤተሰብ ሌላ ነገር ያደረበት ይመስለዋል።

ከጋይንት ወገን የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ዐይናቸው ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ስሚዛ ተቀጥቅጦ ጠጥተዋል፤ ጸበልም ገብተዋል። እኛ ዘንድ የደረሱት ሆዳቸው ተወጥሮ መተንፈስ ሲያቅታቸው ነው። በጎናቸው መርፌ አስገብቼ ስቀዳላቸው ጠጅ የመሰለ ቢጫ ፈሳሽ ሊትር በሊትር ላይ ወጣ፤ ያን ቀን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም ብለው ተኙ። ጎረቤት "አረቄ ነው የጨረሳቸው" ይል እንደነበር ልጃቸው ነገረኝ። ሰውየው ለበዓል ጠላ ከመቅመስ ያለፈ መጠጥ አያውቁም። በደማቸው የተገኘው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ነው። የጉበት በሽታ ሁሉ የመጠጥ ነው የሚለው አባባል በሽታውን እንዲደብቁ ያደርጋል፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። መጠጥ ቫይረሱ የጀመረውን ያፋጥናል፤ ይህ እውነት ነው። ቫይረሱን ግን አያመጣም።

ጨው ይቀንሱ ስንላቸው ባለቤታቸው "ጨውማ ከሽሮው ጋር አብሮ ተፈጭቷል እኮ" አሉ። በርበሬውም እንደዚያው ነው። ወጡ ላይ ጨው አትጨምሩ ብሎ ማዘዝ ለብዙው የገጠር ቤት ትርጉም የለውም፤ ጨው ያልገባበት ሽሮና በርበሬ ለብቻ እንዲዘጋጅላቸው መንገር ያስፈልጋል። ውሃውን ከሚቀንሱት መድኃኒቶች፣ ከስፓይሮኖላክቶንና ከላሲክስ፣ እኩል የሚሠራ ምክር ነው፤ ለወጣት ሐኪሞቻችንም በዙር ላይ ደጋግሜ እነግራለሁ።

ቫይረሱ የት አገኛቸው? ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ሲ ያለበትን ሰው ጠይቆ የተያዘበትን ቀን ማግኘት ዘበት ነው። በመላ ሰውነታቸው ላይ ግን የደም መንገዶች ታሪክ ተጽፏል፦ በልጅነት የተቆረጠ እንጥል፣ በግንባር የተበጣ ብጥ፣ በጀርባ የዋግምት ጠባሳ፣ ድሮ በየቤቱ ይዞር የነበረ መርፌ ወጊ። ለሴቶቹ የድድ ንቅሳት ይጨመራል። አንድ ምላጭ ወይም አንድ መርፌ ከሰው ወደ ሰው ካለፈ ይበቃል። ደም ሳይመረመር ይሰጥ የነበረበትም ዘመን ነበር፤ ቫይረሱ ራሱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ለዚህ ግኝት የበቁት ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

መርፌ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ ግብፅ በመራራ መንገድ ተምራለች። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የቢልሃርዚያ በሽታን ለማጥፋት በገጠሩ ሕዝብ ላይ የአንቲሞኒ መርፌ ይሰጥ ነበር። ሲሪንጁ ብርጭቆ ነበር፤ በወጉ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፍ ነበር። ለማዳን የተዘመተው ዘመቻ ግብፅን በዓለም ላይ ሄፓታይተስ ሲ እጅግ ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ አደረጋት። የእኛ ዞንም አንቲሞኒን ያውቀዋል። በ1997 ዓ.ም ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ሲቀሰቀስ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ ካላዛር መሆኑ ሲታወቅ የተሰጠው መርፌ የዚያው የአንቲሞኒ ወገን ነው። አንዴ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ሲሪንጅ ስለነበረን የግብፅ ዕጣ አልደረሰብንም። በነገራችን ላይ፣ በጣና ዙሪያና በቆላው ሆዱ ያበጠ ሁሉ የጉበት በሽተኛ አይደለም። ካላዛርም፣ ቢልሃርዚያም፣ የሆድ ነቀርሳም አለ። ሳይመረመር በዐይን ብቻ የሚሰጥ ስም ሰው ያሳስታል።

ግብፅ ግን መርፌው ካመጣባት መከራ ወጣች። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በ7 ወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረመረች፤ የተገኘባቸውን በነፃ አከመች። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚወስደው መንገድ ላይ የወርቅ ደረጃ ሰጣት። ይህን ማድረግ የቻለችው መድኃኒቱ ስለተለወጠ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበረው ሕክምና የኢንተርፌሮን መርፌ ነበር። እስከ 48 ሳምንት ይወጋል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያስተክዛል፤ ያም ሆኖ ከሚታከሙት ብዙዎቹ አይድኑም ነበር። ዛሬ ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር በቀን አንዴ ይዋጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ነው። ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። ይድናል ስል እንደ ኤች አይ ቪ ወይም እንደ ሄፓታይተስ ቢ በመድኃኒት ታፍኖ ይኖራል ማለቴ አይደለም፤ ቫይረሱ ከሰውነት ይወጣል።

ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ አንዷ ክኒን 1,000 ዶላር፣ የ12 ሳምንቱ ደግሞ 84,000 ዶላር ነበር። የሕንድ ፋብሪካዎች ለእኛን መሰል አገሮች እንዲሠሩት ከተፈቀደ በኋላ ዋጋው ወርዶ ወርዶ፣ በብዛት ለሚገዙ መንግሥታት የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና 60 ዶላር ገደማ የሚገኝበት ደረጃ ላይ ደርሷል። አንድ ቤተሰብ ልጁን ዓረብ አገር ለመላክ ለደላላ የሚከፍለውን ሳስብ ይህ ዋጋ ለአገር የማይቻል አይመስለኝም።

መድኃኒቱን ከመጀመራችን በፊት የምንጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ ካለ ሲ ሲወጣ ቢ ሊነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ቢ መመርመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መንገር ይኖርበታል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሶፎስቡቪርን ያከሽፈዋል። ጠባሳው የት እንደደረሰ ለመገመት ኤኤስቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይምና የፕላትሌት ቁጥር ጥሩ ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ተራ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ናቸው። መድኃኒቱ ባለቀ በ12ኛው ሳምንት ያ ሁለተኛው ምርመራ ይደገማል፤ ቫይረስ ካልተገኘ ሰውየው ድኗል። ጉበቱ አስቀድሞ የደነደነ ግን በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መታየቱን እንዳይተው፤ ካንሰር ሊከተል ይችላል። የጋይንቱ ገበሬ ቫይረሱ ወጥቶላቸዋል። ጠባሳው አብሯቸው አለ፤ ከሃያ ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ መድኃኒቱ ገና አልተሠራም ነበር። የዛሬ ወጣቶች ግን በጊዜ ከመጡ ሁለቱም አይቀሩባቸውም፤ ቫይረሱም ጠባሳውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ከዓለም የሄፓታይተስ ቢና ሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛውን የሚሸከሙ 10 አገሮችን ሲዘረዝር ኢትዮጵያ አለችበት። የእኛ ትልቁ ሸክም ቢ ነው። ለቢ ክትባት አለ፤ ወደ ሕፃናት ክትባታችን የገባው ግን በ1999 ዓ.ም ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው በአብዛኛው አልተከተበም። ለሲ ክትባት የለም፤ መድኃኒት አለ።

ለጉዞ ጤና የምትመረምሩ የሙያ አጋሮቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ፖዘቲቭ ከምትለዋ መስመር ሥር "የቫይረስ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ" የሚል አንድ መስመር ጨምሩ፤ የአፍ ምክሩንም አትንፈጉ። ለክልሉ ጤና ቢሮ ደግሞ፦ ካርትሪጁ ቢያንስ ሆስፒታል ባለበት ሁሉ ይድረስ። ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሲከበር ሕዝቡን በስትሪፕ መርምሮ መሸኘት በቂ አይደለም።

ወረቀቱን ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ ከዓመታት በፊት የተሰጣችሁም ብትሆኑ ኑ። ስትመጡ "የቫይረሱን ምርመራ እፈልጋለሁ" ብላችሁ በስሙ ጠይቁ።