ሲክል ሴልና ኩላሊት፦ ልጁ ለምን ቶሎ ቶሎ ይሸናል?

በኳታር ከጋብቻ በፊት በግዴታ ከሚመረመሩ በሽታዎች አንዱ ሲክል ሴል ነው። በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ስለሆነ በምናሳድጋቸው ልጆች ላይም ልናገኘው እንችላለን።

ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ክብና ለስላሳ ነው። የታመመው ሴል ግን ኦክስጅኑን ሲለቅ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ይደርቃል። ኩላሊት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይብስበታል። ምክንያቱም የኩላሊት ውስጠኛው ክፍል ኦክስጅን ያንሰዋል፣ አሲድና ጨው ይበዛበታል። ለቋንጣ ሥጋ በጨው ስናሽ ውሃው እንደሚወጣ ሁሉ፣ ጨዉ ከሴሉ ውሃ ይስባል። የተቆለመሙት ሴሎች ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። ኩላሊቱም ቀስ በቀስ ይጎዳና ውሃ ቆጥቦ መያዝ ያቅተዋል።

ስለዚህ ልጁ ብዙ ይሸናል፣ አልጋም ያረጥባል። ጥጋብ አይደለም። ሽንቱ ነጣ ስላለም ውሃ አልጎደለውም አንበል፤ ውሃ እየጎደለውም ይነጣል። «ማታ ውሃ አትስጪው» ብንባል ለእናቱ በትህትና እናስረዳት፦ ውሃ ሲያንሰው ሕመሙ ይነሳበታል፣ በዶሃ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ሽንቱ ከቀላ ወይም ካተኮሰው ቶሎ ሐኪም ይየው፤ ትንፋሽ ካጠረው 999 ይደወል።

ለተጠማ ማጠጣት አገልግሎታችን ነው።